ሳንቲሟ ተዘርዝራለች

ስሜን ተዉት፤ ሥራዬን ልንገራችሁ። በዳላስና በፎርት ዎርዝ ዙሪያ አንድ አልሚ መጋዘን ወይም አፓርታማ ሊሠራ ሲነሣ፣ ግንባታው መንገዱ ላይ ስንት መኪና እንደሚጨምር የሚያሳይ ጥናት ለከተማው ያቀርባል። ያንን ጥናት ከሚሠሩት አንዱ ነኝ። የማኅበር ጓደኞቼ «መኪና ቆጣሪው» ይሉኛል።

በዚህ እንጀራ ምክንያት በየከተማው አዳራሽ ከኋላ ወንበር ተቀምጬ ያልሰማሁት ስብሰባ የለም ማለት ይቻላል። ከዚያ ወንበር የቃረምኩትን ሹክ ልበላችሁ። «አውቶቡስ አንፈልግም» ብሎ እጁን ያወጣ ሹም እስከ ዛሬ አላየሁም። እንቢ ማለት ያስፈለገው ሰው የለማ! ጥያቄው አዳራሹ በር ላይ ሲደርስ ገንዘቡ ሌላ ቦታ ገብቶ፣ መሬቱም ሌላ ቅርጽ ይዞ ይጠብቀዋል።

የምኖረው ግራንድ ፕሬሪ ስለሆነ ነገሩን በሰፈሬ ላሳያችሁ።

ግራንድ ፕሬሪ በዳላስና በአርሊንግተን መካከል ተሸጉጣ፣ ከሰሜን ወደ ደቡብ እስከ ጆ ፑል ሐይቅ የምትጎተት ቀጭን ከተማ ናት። በ2020 የሕዝብ ቆጠራ 196,100 ሰው ተቆጥሮባታል። ይህን ሁሉ ሕዝብ ይዛ፣ ቁጥር ተለጥፎበት በሰዓቱ የሚመጣ፣ ፌርማታ ላይ ቆመው የሚጠብቁት የከተማ አውቶቡስ የላትም። ጎረቤቶቿ ዳላስና ኢርቪንግ ዳርት የሚባለው የአካባቢው የትራንስፖርት ድርጅት አባል ናቸው። ፎርት ዎርዝ ደግሞ ትሪኒቲ ሜትሮ የሚባል የራሷ ድርጅት አላት። የእኛዋ ከተማ በሁለት ድግስ መካከል ጦሟን ያደረች ጎረቤት ማለት ናት። ሁለቱን ትልልቅ ከተሞች የሚያገናኘው ባቡር ከ2001 ጀምሮ ከዳር እስከ ዳር ይመላለሳል፤ የሚያልፈው ግን በሰሜን በኩል ነው። ሴንተርፖርት ጣቢያ ለመድረስ መኪና ያስፈልጋል። መኪናው ካለ ደግሞ አብዛኛው ሰው ባቡሩን ረስቶ በዚያው ይቀጥላል።

የሚያስገርመው ከተማዋ ራሷ የባቡር ልጅ መሆኗ ነው። መሥራቿ አሌክሳንደር ዴክማን መሬቱን በ1863 የገዛው በአንድ የተሰባበረ ጋሪ፣ በበሬዎቹና በ200 የኮንፌደሬት ዶላር እንደሆነ ይተረካል። ኋላ የቴክሳስና ፓስፊክ ባቡር ወደ ምዕራብ ሲዘረጋ፣ ዴክማን ሐዲዱ በእሱ በኩል እንዲያልፍ ከመሬቱ ቆርሶ ለኩባንያው ሰጠ። ዛሬ «የመሬት አጠቃቀምና ትራንስፖርት ተቀናጅተው ይታቀዱ» እያልን በየአዳራሹ የምናነበንበውን እሱ ያለ አማካሪ፣ ያለ ፓወርፖይንት ፈጸመው። ከ1902 እስከ 1934 ደግሞ በዳላስና በፎርት ዎርዝ መካከል የሚመላለስ የኤሌክትሪክ ባቡር በዚሁ ያልፍ ነበር። ዛሬ መሐል ከተማውን እያናጋ የሚያልፈው የዩኒየን ፓስፊክ የጭነት ባቡር ነው። ኮንቴይነር ይጭናል፤ ሰው አይጭንም።

ታዲያ አውቶቡሱ የት ገባ? መጀመሪያ ገንዘቡን እንከተል።

በቴክሳስ የአንድ ዶላር ዕቃ ስትገዙ የሚጨመረው የሽያጭ ታክስ ቢበዛ 8 ሳንቲም ከሩብ ነው። 6 ሳንቲም ከሩቡ የስቴቱ ነው። ለአካባቢው የሚተርፉት ሁለት ሳንቲሞች ብቻ ናቸው፤ ሕጉ ከዚያ አያሳልፍም። አንደኛዋ ሳንቲም ለከተማው አስተዳደር ትውላለች። ጉዱ ያለው ሁለተኛዋ ላይ ነው።

ዳርት በኦገስት 1983 በሕዝብ ድምፅ ሲቋቋም፣ አባል የሆኑት ከተሞች ሁለተኛዋን ሳንቲም ሳትሸረፍ ሰጡት። አውቶቡሱም፣ በ1996 የጀመረው ቀላል ባቡርም በዋናነት የቆመው በእሷ ላይ ነው። ግራንድ ፕሬሪ ከአባልነቱ ውጭ ሆነች፤ ሳንቲሟም እጇ ላይ ቀረች። እጅ ላይ ያለ ሳንቲም ደግሞ መዘርዘሩ አይቀርም። ሩቧ ለፓርኮች፣ ሩቧ ለመንገድ ጥገና፣ ሩቧ ለወንጀል መከላከል ዋለች። የመጨረሻዋን ሩብ በ2014 ሕዝቡ ድምፅ ሰጥቶ ዘ ኤፒክ ለሚባለው የመዝናኛ ማዕከል መደባት። በ2018 የተከፈተው ይህ ማዕከል ጎኑ ላይ ጣሪያው የሚከፈትና የሚዘጋ የውሃ መጫወቻ አለው። ልጆቼን ይዤ በሄድኩ ቁጥር «የምትዋኙት አውቶቡሳችን ውስጥ ነው» እላቸዋለሁ። የምትስቀው እናታቸው ብቻ ናት።

እዚህ ላይ ማንም አልሰረቀም። እያንዳንዷ ሩብ በድምፅ ወጣች፤ ለተባለላትም ዋለች። ፓርኩ ያምራል፤ ውሃውም ደስ ይላል። ብልሃቱ ያለው በአጠያየቁ ነው። ድምፅ መስጫው ወረቀት ላይ አንዲት ሩብ ብቻዋን ትመጣለች፤ «ገንዳ ይሠራ?» ትላለች። ልጅ ያለው ሰው ለገንዳ እንቢ አይልም። በዚያች ሩብ ምን ሌላ ነገር እንደሚቀር ወረቀቱ ላይ አይጻፍም። አራቱም ሩቦች ከወጡ በኋላ አንድ ሰው ተነሥቶ «አውቶቡስስ?» ቢል፣ የሒሳብ ሹሙ በትሕትና የሚመልሰው የታክሲ ረዳት መልስ ነው፤ «ዝርዝር የለም»።

ሁለተኛው መሬቱ ነው። እዚህ ላይ ወደ ራሴ ኃጢአት ልምጣ።

ሙያችን አንድ ወፍራም መጽሐፍ አለው፤ የትራንስፖርት መሐንዲሶች ተቋም የሚያሳትመው። እያንዳንዱ የግንባታ ዓይነት በቀን ስንት የመኪና ጉዞ እንደሚያመነጭ ተዘርዝሮበታል። በ2021 የወጣው እትሙ ለብቻው የቆመ አንድ መኖሪያ ቤት በሥራ ቀን 9.43 ጉዞ ይላል። ቁጥሩ ከየት መጣ? በአብዛኛው አውቶቡስ በማይደርስበት፣ የመኪና ማቆሚያ በነጻ በሚገኝበት የከተማ ዳርቻ ተቆጥሮ ነው። እኔ ያንን ቁጥር አነሣና በቤቶቹ ብዛት አባዛለሁ። በሒሳቤ መሠረት መንገዱ ይሰፋል፤ ማቆሚያው ይንጣለላል። መንገዱ ሲሰፋ በእግር መሻገር ያስፈራል፤ ስለዚህ ሁሉም በመኪና ይወጣል። ከዓመታት በኋላ ሌላ ቆጣሪ ይመጣና ቆጥሮ ሲያበቃ «መጽሐፉ ትክክል ነው» ብሎ ይሄዳል። ከሳሹም፣ ምስክሩም፣ ዳኛውም አንድ ሰው የሆነበት ችሎት በሉት።

አንድ ቀን፣ ከተማውንም መጋዘኑንም አልጠራም፣ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተኩል ላይ የመጋዘን በር ላይ ቆሜ እቆጥር ነበር። አንዲት አሮጌ ሲየና መጣች። በሯ ሲንሸራተት ስድስት ሰው ወረደ። አራቱ የእኛ ሴቶች ናቸው፤ ነጠላቸውን በጃኬታቸው ላይ ጠምጥመዋል፤ የምሳ ዕቃቸው በፌስታል ተንጠልጥሏል። ከመካከላቸው በዕድሜ የገፉት ፊቴን አይተው ቆም አሉ።

«በዚህ ብርድ ምን ትሠራለህ የኔ ልጅ?»

«መኪና እቆጥራለሁ፣ እትዬ።»

«እኛንስ ቆጠርከን?»

እጄ ላይ ያለውን መቁጠሪያ አየሁት። የጨመረው አንድ ነበር። ስድስት ሰው፣ አንድ መኪና።

ሾፌሩ፣ ኋላ እንደነገሩኝ፣ ከእያንዳንዳቸው በየሳምንቱ የቤንዚን ይቀበላል። ሁልጊዜ በዚያው ሰዓት፣ በዚያው መንገድ፣ በየአፓርታማው በር እየቆመ ይለቅማቸዋል። መስመር አለው፤ ሰዓት አለው፤ ታሪፍ አለው። ታርጋው የግል ሆነ እንጂ ያ እኮ አውቶቡስ ነው። «አውቶቡስ ቢመጣ ማን ይሳፈራል?» የሚል ሰው በአዳራሹ ውስጥ በገጠመኝ ቁጥር ያቺ ሲየና ትዝ ትለኛለች። ተሳፋሪው አለ፤ እኛ የምንቆጥርበት መሣሪያ ነው አንድ ላይ ጨፍልቆ የሚያልፈው። በጥናቴ ውስጥ እትዬን የምጽፍበት ዓምድ አልነበረኝም።

መጋዘኖቹ ራሳቸው የተቀመጡበት መሬት ሌላ ታሪክ ነው። በግራንድ ፕሬሪና በአርሊንግተን ድንበር ላይ የተንሰራፋው ግሬት ሳውዝዌስት የኢንዱስትሪ ሰፈር በ1950ዎቹ ሲቆረቆር፣ የታሰበው ለጭነት ባቡርና ለከባድ መኪና ነው። በሮቹ የተሠሩት በተሳቢ ልክ ነው። ሠራተኛው በምን እንደሚመጣ የጠየቀ ያለ አይመስልም። የመዝናኛው መሬትም እንዲሁ ነው። በ2008 ለቤዝቦል የተከፈተው የከተማችን ሜዳ በ2023 ወደ ክሪኬት ተለውጦ፣ በጁን 6 ቀን 2024 አሜሪካ ፓኪስታንን ሳይታሰብ የረታችበት የዓለም ዋንጫ ጨዋታ እዚያው ተካሄደ። የዓለም የክሪኬት አፍቃሪ ሁሉ ዓይኑን በጣለበት ቀን እንኳ፣ በራፉ ላይ የሚቆም የዘወትር አውቶቡስ አልነበረም።

ከተማዋ እጇን አጣጥፋ ተቀምጣለች ብል ግን ውሸት ይሆንብኛል። ለአረጋውያንና ለአካል ጉዳተኞች ግራንድ ኮኔክሽን የሚባል አገልግሎት ለዓመታት ሰጥታለች። ኋላም ቪያ የሚባለው በስልክ የሚጠራ ቫን መጣ። በዚህ ነገር የቀደመችው ጎረቤታችን አርሊንግተን ናት። በ2013 የጀመረችውን ማክስ የተባለ አውቶቡስ በ2017 መጨረሻ አቁማ በቪያ ተካችው። እትዬን ከቤታቸው ወደ ክሊኒክ ለማድረስ ቫኑ ቆንጆ ነው። ምክር ቤቶች የሚወዱት ግን በሌላ ምክንያት ጭምር ነው፤ ሹክ ልበላችሁ። ቫን ሳንቲሟን አይጠይቅም። በየዓመቱ የሚታደስ ውል ነው፤ ከፌዴራል ድጎማ ትንሽ፣ ከከተማው በጀት ትንሽ ተደርጎ ይከፈላል፤ በጀት ሲጠብ ሳይጮህ ሊቀነስ ይችላል። ሐዲድ ነቅሎ መጣል ጋዜጣ ላይ ያወጣል። ሁለት ቫን መቀነስን ግን የሚያውቀው እየጠበቀ የዘገየው ሰው ብቻ ነው።

ሒሳቡም የራሱ ወጥመድ አለው። ግማሹ ባዶ የሆነ አውቶቡስ ሃያ ሰው ቢጨመርበት ወጪው ያው ነው። ቫን ግን በሰዓት የሚያደርሰው ጥቂት ሰው ስለሆነ፣ ተሳፋሪ በበዛ ቁጥር ቫንም ሾፌርም መጨመር ግድ ነው። ስለዚህ ሰው ሲወደው ወይ በጀቱ ያብጣል፣ ወይ መጠበቂያው ይረዝማል። ፈረቃዋ በ12 ሰዓት የሚጀምር ሴት ደግሞ «ሊመጣ ነው» በሚል የስልክ መልእክት እንጀራዋን አታስይዝም። ለዚህ ነው ሲየናዋ የምታሸንፈው።

ከሁሉ የሚከፋው ግን መሬቱን የሚመለከተው ነው። የሚንቀሳቀስ ፌርማታ ሥር የለውም። አዲስ አበባን አስታውሱ። አውቶቡስ ተራ ስሙን ያገኘው ከአውቶቡስ ነው፤ መገናኛም ስሙ ራሱ ሥራውን ይናገራል። መኪና ሁልጊዜ በሚቆምበት ቦታ መጀመሪያ ጀብሎ ይቆማል፤ ከዚያ ሻይ ቤት ይከፈታል፤ ከዚያ መድኃኒት ቤት ይመጣል፤ ባለ ፎቁ ሕንፃ የሚደርሰው የመጨረሻ ሆኖ ነው። ማንም ፕላን አውጪ ሳያዘው ፌርማታው ከተማ ይወልዳል። ዳላስ ውስጥም ይኸው ታይቷል። በሞኪንግበርድ ጣቢያ አጠገብ በ2001 መኖሪያው፣ ሱቁና መዝናኛው ባቡሩን ተደግፎ ተሠራ፤ ገንዘቡን ያፈሰሰው ሰው ባቡሩ ነገ ተነሥቶ እንደማይሄድ ያውቃል። ስልክ ሲደወልለት ብቻ የሚመጣ ቫን አጠገብ ሕንፃ ለመገንባት የሚያበድር ባንክ ግን አላጋጠመኝም።

አዲስ አበባን ሳነሣ ለማሞካሸት ብቻ አይደለም። እዚያም መሬቱና መጓጓዣው ተለያይተው ታቅደው ያውቃሉ። በፈረንጆቹ 2015 የተከፈተው 34 ኪሎ ሜትር ቀላል ባቡር በሚያልፍበት መሐል ከተማ ብዙ ነዋሪ ሲነሣ፣ ኮንዶሚኒየሙ ኮዬ ፈጬና የካ አባዶ ሄዶ ተተከለ። ዕጣ የወጣለት ሰው ቁልፉን ተረክቦ ሲያበቃ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ላይ የታክሲ ሰልፍ ያዘ። ግራንድ ፕሬሪ ውስጥ ከሲየናዋ የወረዱት ሴቶች የዚያ ሰልፍ ዘመዶች ናቸው።

«ታዲያ ሳንቲሟን ለዳርት መስጠት ነበር» የምትሉ ካላችሁ፣ የሰጡትንም እዩአቸው። ዳርት ከፕላኖ እስከ ዳላስ ፎርት ዎርዝ አየር ማረፊያ የሚዘልቀውን 26 ማይል ሲልቨር ላይን በኦክቶበር 25 ቀን 2025 ከፈተ። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ የፕላኖ፣ የኢርቪንግ፣ የፋርመርስ ብራንችና የሃይላንድ ፓርክ ምክር ቤቶች «እንውጣ ወይስ እንቆይ?» የሚል ሕዝበ ውሳኔ ጠሩ። ቅሬታቸው መሠረት የሌለው አይደለም። ዳርት ራሱ ያስጠናው ሒሳብ ፕላኖ በ2023 የበጀት ዓመት 109 ሚሊዮን ዶላር ያህል አዋጥታ 44 ሚሊዮን ያህል እንደወጣላት አሳይቷል። ይህን ቁጥር ከእኔ ወንበር ሆናችሁ ብታዩት ሌላ ነገርም ትናገራለች። ፌርማታው መጣ፤ በዙሪያው ያለው መሬት ግን በብዙ ቦታ ለመኪና እንደተቆረጠ ቀረ። ከፌርማታው በእግር የሚደረስ ሥራና ቤት ሲጠፋ ተሳፋሪው ያንሳል፤ ተሳፋሪው ሲያንስ «ገንዘቤን ምን በላው?» ይመጣል። ሳንቲሟ ብቻዋን፣ ያለ መሬቱ፣ ጠብ ነው የምትወልደው።

አሁን ደግሞ ብዙ ሰው ልብ ያላለው አንድ ነገር መጥቷል። የቴክሳስ ሕግ አውጪዎች በ2025 ያጸደቁት፣ ሴኔት ቢል 840 የሚባለው ሕግ ከሴፕቴምበር 1 ቀን 2025 ጀምሮ በሥራ ላይ ነው። ከ150,000 በላይ ሕዝብ ያላቸው፣ በትልልቅ ካውንቲዎች ውስጥ የሚገኙ ከተሞች ለንግድ በተከለለ መሬት ላይ አፓርታማ ሲሠራ የመሬት አጠቃቀም ለውጥ ጠይቀው ማገድ አይችሉም። ለአንድ ቤት ከአንድ በላይ የመኪና ማቆሚያም ማስገደድ አይችሉም። ግራንድ ፕሬሪ በሕዝቧ ብዛት እዚህ ውስጥ ትገባለች። ትርጉሙ ገብቷችኋል? ባዶ ማቆሚያ ተንጣልሎበት በሰፊ መንገድ ዳር የከሰረ የገበያ ግቢ ነገ 300 ቤት ሊሆን ይችላል። ሰፈሩ የሚጠጋጋው አውቶቡስ ይስማማዋል በሚባለው በዚያው ጎዳና ላይ ነው። እንደ ልማዳችን ግን ቤቱ ይቀድማል፤ ማቆሚያውም ያንሳል፤ አውቶቡሱ ግን የለም። የዚያን ጊዜ ነዋሪው አልሚውን ይረግማል፤ አልሚው ሕጉን ይጠቅሳል፤ እኔም እንደ ልማዴ መጽሐፉን ዘርግቼ እቆጥራለሁ።

ስለዚህ ከኋላ ወንበር የምመክራችሁ ጥቂት ነው። «የትራንስፖርት ስብሰባ» የሚል ማስታወቂያ ስታዩ ሂዱ፤ ነገር ግን ብዙ አትጠብቁ። አውቶቡሱ የሚወለደው ወይም የሚቀረው በሌሎች ቀኖች ነው። አንደኛው የመሬት አጠቃቀም ካርታው በሚከለስበት ማታ ነው። ያን ጊዜ ማይክሮፎኑን ያዙና «ከዚህ ቤት እስከ ዳቦ መሸጫ በእግር ስንት ደቂቃ ነው?» ብላችሁ ብቻ ጠይቁ፤ ባለሙያው መልስ ሲያጣ ታያላችሁ፤ ምናልባትም ባለሙያው እኔ ነኝ። ሁለተኛው ከአራቱ ሩቦች አንዷ ለድምፅ የምትመለስበት ቀን ነው። የመንገድ ጥገናዋ ሩብ በየጊዜው የመራጩን እሺታ ትጠይቃለች፤ በዚያ ቀን የድምፅ መስጫው ሰልፍ አጭር ነው። የሚመጡት አዘውታሪዎቹ ናቸው፤ የእኛ ሰው በሥራ ላይ ነው።

ባለፈው ለሌላ ጥናት ወደዚያው መጋዘን ተመልሼ ነበር። ሲየናዋ በሰዓቷ መጣች። በሩ ሲንሸራተት እትዬ አልነበሩም፤ ፈረቃ ቀይረው ይሆናል። ስድስት ሰው ወረደ። መቁጠሪያው ላይ አንድ ጫንኩ። ከዚያ ለዚህ የሚሆን ዓምድ ስለሌለ፣ በጥናቱ ቅጽ ኅዳግ ላይ በእርሳስ 6 ብዬ ጻፍኩ። አለቃዬ ምንድን ነው ብሎ ጠየቀኝ። «ዝርዝሩ ነው» አልኩት።